ሯጭን ከራሱ ጋር እናስተያይ

በማለዳ ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርድ ሰው፣ በደረጃው ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚሮጡ ወጣቶችን ያያል። ዛሬ ለእንዲህ ያሉ ሯጮች በሁለቱም ጫማ ላይ የሚታሰር ትንሽ የእንቅስቃሴ መለኪያ ተሠርቶላቸዋል። ይህ መሣሪያ የእርምጃን ብዛት፣ እግር መሬት ላይ የሚቈይበትን ጊዜ፣ የግራና የቀኝንም ልዩነት እስከ ሰከንድ ሽራፊ ድረስ ይለካል። አንዳንድ ጓደኞቼ «ልዩነት የታየበትን ሁሉ ማረም ነው» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነታቸው ደብተር ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ከመሮጥ የተነሣ፣ ግራ ክንዳቸውን አጥፈው መሮጥ ለምደው ነበር። በዚያው አሯሯጥ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኙ። በሲድኒ ሁለተኛውን የቀደሙት በ0.09 ሰከንድ ብቻ ነበር። ታዲያ ያንን ክንድ ማን ደፍሮ ያርመዋል?

ይሁን እንጂ መሣሪያው አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። እኔ ራሴ አምና ቀኝ ቁርጭምጭሚቴን ሲያመኝ፣ ከውድድር እንዳልቀር ፈርቼ ከአሠልጣኜ ደበቅሁ፤ ሕመሙም ጸንቶ ሁለት ወር ከሩጫ አገደኝ። መሣሪያው ቢኖር ኖሮ፣ የታመመው እግሬ ከወትሮው ይልቅ መሬቱን ቶሎ ሲለቅ ባጋለጠኝ ነበር።

እንግዲህ የቈየ ልዩነት ልማድ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ልዩነት ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን መሣሪያውን ቢገዛ፣ የእያንዳንዱን ሯጭ ቍጥር ካለፈው የራሱ ቍጥር ጋር እንጂ ከሌላው ጋር አያወዳድር፤ አሠልጣኙና ሯጩም አብረው ያንብቡት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና።