የሚያብለጨልጭ ነሐስ አትመኑ

ክርክሬን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው፤ የጀልባውን ነሐስ በየፀደዩ የሚወለውል ሰው ጀልባውን እየጠበቀ አይደለም፤ እያሳመረ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። እንዲያውም አንዳንዴ ጠላቶች ናቸው። ይህን የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሦስት ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ጨርቅና መወልወያ ይዤ ስፈትግ የከረምኩት እኔው ነኝ። ሊያሰጥመንም ትንሽ ነው የቀረው።

አዲስ አበባ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ፣ ለማስተርስ ስዊድን መጥቼ፣ አሁን ጎተንበርግ ሶፍትዌር እየጻፍኩ እኖራለሁ። እዚህ ጀልባ የባለጸጋ ዕቃ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ አንድ አሮጌ ቪትዝ በሚሸጥበት ዋጋ ብዙ አሮጌ ጀልባ ይገዛል። እኛም አራት የሥራ ባልደረቦች አዋጥተን በ1960ዎቹ የተሠራች ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ ገዛን። ክረምቱን ከውሃ ወጥታ ትከርማለች፤ በሚያዝያ ታጥባና ተቀብታ ትመለሳለች። ሥራ ስንከፋፈል ለእኔ የደረሰኝ ነሐሱ ነበር፦ የገመድ ማሰሪያዎቹ፣ ሸራ የሚወጥሩት ዊንቾች፣ የመስኮቶቹ ክፈፍ። ስጨርስ ፊት ያሳዩ ነበር። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላኩላት። «እሰይ ልጄ፣ ወርቅ አስመሰልከው» አለችኝ።

ጀልባዋ ውሃ በገባች በማግስቱ የሞተሩን ማቀዝቀዣ የባሕር ውሃ የሚያስገባውን ቫልቭ ልከፍት ከወለሉ ሥር እጄን ሰደድኩ። ይህ ቫልቭ የሚገኘው ከውሃው መስመር በታች፣ የጀልባዋ ሆድ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ላይ ነው። እጀታውን ሳዞረው ቫልቩ ከአንገቱ ተቆርጦ በእጄ ቀረ። ውሃው የአውራ ጣት ውፍረት ኖሮት ሽቅብ ተተኮሰ። ጮህኩ። አጠገባችን ያለው ጀልባ ባለቤት፣ ድሮ መርከብ ግንባታ ይሠሩ የነበሩ ሽማግሌ፣ ሾጣጣ የእንጨት ውታፍ ወረወሩልኝ። (ስዊድኖች አንቱታ አያውቁም፤ በአማርኛ ስጽፍ ግን «አንተ» ልላቸው እጄ አልታዘዘልኝም።) ቀዳዳውን ወትፌ በጫማዬ ተረከዝ መታሁት። ቆመ። በማግስቱ የባልደረባዬን ሁለት ልጆች አሳፍረን ወደ ደሴቶቹ ልንወጣ ቀጠሮ ነበረን።

ሽማግሌው የተቆረጠውን ቁራጭ ተቀብለው በቢላ ጫፍ ቧጨሩት። ውስጡ ሮዝ ነበር። «ይህ ነሐስ አይደለም፤ ናስ ነው። ዚንኩን ባሕሩ በልቶታል» አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው የሚያብለጨልጩትን የገመድ ማሰሪያዎች አዩ። ምንም አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቱ ከስሙ ይጀምራል። በእኛ ቤት ቢጫ ብረት ሁሉ ነሐስ ነው። ነገር ግን ነሐስ በጥንቱ ትርጉሙ መዳብና ቲን ነው፤ ናስ ደግሞ መዳብና ዚንክ። ፈረንጆቹም ከእኛ አይሻሉም፤ «ማንጋኒዝ ብሮንዝ» እያሉ የሚሸጡት ነገር 60 በመቶ ገደማው መዳብ፣ የቀረው በአብዛኛው ዚንክ ነው። በስም ነሐስ፣ በግብር ናስ። ሲሊኮን ብሮንዝ የሚባለው ግን 96 በመቶ ገደማ መዳብ ነው፤ ጨው ውስጥ ዓመታት ይኖራል። ተራው ናስ ጨው ውሃ ውስጥ ሲቆይ ዚንኩ እየሟሟ ይወጣና እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ መዳብ ብቻ ይቀራል። ቅርጹ አይለወጥም። ክሩ ያው፣ እጀታው ያው። ጥንካሬው ብቻ የለም። ክፋቱ ደግሞ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብትወለውሏቸው ይበልጥ ወርቅ የሚመስለው ናሱ ነው።

እኛ የምንፈራው ግን አረንጓዴውን ነው። ለምን? ነሐስ አየር ሲነካው መጀመሪያ ይቡናማል፣ ከዓመታት በኋላ ያረነጉዳል። ይህ እንደ ብረት ዝገት እየተፈረፈረ የሚበላ ነገር አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ብረት የሚሸፍን ቆዳ ነው። እዚሁ ጎተንበርግ፣ የተማው መሃል፣ ካርል ሚሌስ የሠራው የፖሰይዶን ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ አረንጓዴውን ለብሶ ቆሟል። የባሕር አምላክ ነው የተባለውን ማንም መሰላል ተደግፎ ሲወለውለው አላየሁም።

ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ኒውዮርክ አለ። የነጻነት ሐውልት ነሐስ ሳይሆን መዳብ ናት፤ በዚህ ረገድ ግን ጠባያቸው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ስትመረቅ ቡናማ ነበረች፤ ቆዳዋ 2.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እያረነጎደች ስትሄድ፣ በ1906 «ትቀባ» የሚል ሐሳብ መጣ። ሕዝቡ ተቃወመ፤ ውጭዋ ሳይቀባ ቀረ። በ1980ዎቹ ለእድሳት ሲፈተሽ ያ አረንጓዴ ቆዳ ደህና ነበር። የተበላው ማንም የማያየው የውስጡ የብረት አጽም ነው። ብረቱና መዳቡ እንዳይነካኩ መሃላቸው የገባው መለያ አርጅቶ ነበር፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨዋማ እርጥበት ሲገናኙ ደግሞ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፣ ደካማው ይበላል። አጽሙን በእስቴንለስ ስቲል መቀየር ግድ ሆነ። ሰዎች የተጨቃጨቁት ስለ ቀለሟ ነበር፤ የታመመው አጥንቷ ነው።

መወልወል ጉዳት የለውም የሚል ካለ ደግሞ ይስማ። በወለወላችሁ ቁጥር ያን ቆዳና ከሥሩ ጥቂት ብረት ትገፍፋላችሁ። ነሐሱም አዲስ ቆዳ ለማብቀል እንደገና ከራሱ ይቆርሳል። አንዳንዱ መወልወያ አሞኒያ አለበት፤ አሞኒያ ደግሞ ውጥረት ያለበትን ናስ ይሰነጥቃል። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ህንድ ውስጥ በዝናብ ወራት ፈረስ ጋጣ አጠገብ የተቀመጡ የጥይት ቀለሆች እየተሰነጠቁ አስቸግረው ነበር፤ ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ሆኖ ተገኘ። ቀለህ የሰነጠቀውን ነገር በጨርቅ ነክሮ ጀልባ ላይ ማሸት ምን ይባላል?

ለእውነተኛው እንክብካቤ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ጨዉን በንጹሕ ውሃ ማጠብ። ከውሃ መስመር በታች ያለውን እያንዳንዱን ቫልቭ በወር አንዴ መክፈትና መዝጋት። ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ ቫልቮቹን በቢላ ጫፍ ጫር ማድረግ፤ ሮዝ ከታየ ያለ ክርክር መጣል። ዊንቾቹን ፈትቶ ማጠብ፤ ጥርሱን በስሱ ግሪስ መቀባት፣ ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዙትን ትንንሽ ምላሶች ግን በቀጭን ዘይት ብቻ፤ ግሪስ ካጣበቃቸው እጀታው ተመልሶ ክንድ ይሰብራልና። በነሐሱ ፈንታ እንዲበላ የሚታሰረውን ዚንክ ግማሹ ሲያልቅ መቀየር። አንዱም ፎቶ ላይ አያምርም። ችግሩም እዚህ ጋ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ብጤ ጀማሪ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 9093 የተባለው የጀልባ ቫልቮች መስፈርት፣ አንድ ብረት «ዝገት የሚቋቋም» ለመባል አምስት ዓመት ጉድለት ሳያሳይ ማገልገል ይበቃዋል አለ። አምስት ዓመት! በዚህ ትርጉም 40 በመቶ ገደማ ዚንክ ያለበት ተራ ናስ ከውሃ መስመር በታች እንዲገባ በር ተከፈተለት። ጀልባ እኮ ሃምሳ፣ ስልሳ ዓመት ይኖራል። ሻጩ መስፈርቱን አሟልቷል፤ ገዢው በየፀደዩ ወልውሏል፤ ሁለቱም ግዴታቸውን የተወጡ ይመስላቸዋል። ቀዳዳው ላይ ያለውን ቫልቭ የጠየቀው የለም።

ከተቃራኒው ወገን የሚቀርብ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ አልሸሸውም። የሚወለውል እጅ ይዳስሳል፣ የሚዳስስ እጅ ስንጥቅ ያገኛል ይላሉ። እውነት ነው። ግን እጄ ሦስት ሳምንት የዳሰሰው ሰው የሚያየውን ብቻ ነበር። ከወለሉ ሥር ያለውን ለመዳሰስ የሚያብለጨልጭ ውጤት አያስፈልግም፤ በጉልበት መንበርከክ ነው የሚያስፈልገው። ዳሰሳውን ያዙ፣ መወልወያውን ተዉት።

ይህን ልማድ ከጎተንበርግ አልተማርኩትም። አገር ቤት የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ጄነሬተር በኃላፊነቴ ሥር ነበር። ዘይቱ እንዲቀየር ሁለት ጊዜ ጽፌ ጠየቅኩ፤ በጀት የለም ተባለ። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ግን ለቀለም በጀት ተገኘ። ጄነሬተሩ ቢጫ ተቀባ፣ ሪባን ሁሉ ታሰረለት። እንግዶቹ አዳራሽ እንደተቀመጡ መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩ ተነሳ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩ ነክሶ ቆመ። እንዴት ያለ የሚያምር ቢጫ ነበር።

አሁን በምሠራው ሥራም ያው ነው። አዲስ ገጽታ የሠራ ይጨበጨብለታል፤ ያረጀውን ላይብረሪ ቀይሮ ስርዓቱን ከመፍረስ ያዳነ፣ ምንም ስላልተፈጠረ፣ ምንም እንዳልሠራ ይቆጠራል።

ምናልባት ቋንቋችንም አግዞናል። «ጥገና» የምንለው ቃል የወጌሻ ነው፤ የተሰበረ አጥንት ነው የሚጠገነው። መጀመሪያ ስብራት ይፈልጋል። «እድሳት» ደግሞ አዲስ ማስመሰል ነው። ሳይሰበር በፊት፣ አዲስ ሳያስመስሉ፣ ባለበት እንዲቆይ ማድረግን ምን እንበለው? ቃሉ በየቀኑ አፋችን ላይ አለ። «እንዴት ሰነበትክ?» እንላለን፤ ስንለያይ «ሰንብቱ» እንላለን። ማሰንበት። ለጀልባም፣ ለጄነሬተርም፣ ለኮድም የሚያስፈልገው ማሰንበት ነው።

ዘንድሮ ሚያዝያ አዲሱን ቫልቭ ከእውነተኛ ነሐስ አስገባን፤ የገባበትን ቀን አጠገቡ እንጨት ላይ በእርሳስ ጻፍኩ። የገመድ ማሰሪያዎቹን በውሃ አጥቤ ተውኳቸው፤ ቡናማ ሆነዋል፣ ጠርዛቸው ማረንጎድ ጀምሯል። ፎቶ ለእናቴ ላኩላት።

«ምነው ቆሸሸ?» አለችኝ።

«አልቆሸሸም እማዬ። ሰንብቷል።»

ትንሽ ዝም አለች። «እሱስ ይሁን» አለች፤ «እንግዳ ሲመጣ ግን ወልውለው።»