ቦዩን የቆፈረው ዩኒፎርም አይደለም

ትልቅ ግንባታ በተጓተተ ቁጥር «ለወታደር ስጡት፣ ቀጥ አድርጎ ይጨርሰዋል» የሚል አይጠፋም። ማስረጃ ሲጠየቅ ፓናማን ይጠራል፤ አሜሪካዊውን ኮሎኔል ጆርጅ ጎታልስን ይጠራል። ሲቪሎቹ ጥለው ሄዱ፣ ወታደሩ መጣ፣ ቦዩ በ1914 ተከፈተ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።) ሲነገር ያምራል። ግን ግማሹ ተቆርጦ የቀረ ታሪክ ነው።

ጎታልስ በ1907 ሲደርስ ባዶ ጫካ አልጠበቀውም። ከእሱ በፊት የነበረው ዋና መሐንዲስ ጆን ስቲቨንስ የባቡር ሰው ነበር። ሥራውን እንደተረከበ ቁፋሮውን አስቆመ። ሠራተኛው የሚያድርበት ቤት፣ የሚበላው ምግብ፣ አፈሩን የሚያወጣበት ሐዲድ ሳይኖር ምን ይቆፈራል? መርከብን በባለ በር የውኃ ገንዳዎች ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚያሻግር ቦይ እንዲሆን በ1906 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ የተሟገተውም እሱ ነው። ቢጫ ወባንም ዊልያም ጎርጋስ ቀድሞ አጥፍቶታል። ጎርጋስም እኮ ወታደር ነው ይባል ይሆናል። አዎ፣ ግን ሐኪም ነው፤ ትንኝ ትእዛዝ አትሰማም።

ጎታልስ ሰነፍ ነበር የሚል የለም። በ1880 ከዌስት ፖይንት የተመረቀ፣ ቦይና ግድብ ያወቀ መሐንዲስ ነው። በየእሁዱ ጠዋት ቢሮውን ከፍቶ የሠራተኛውን አቤቱታ ራሱ ይሰማ ነበር። አድናቂዎቹ የማያነሱት ሌላ ብልሃትም ነበረው፦ የአትላንቲኩን በኩል ለወታደር መሐንዲሶች፣ የፓሲፊኩን ሲድኒ ዊልያምሰን ለሚመራው የሲቪል ቡድን ሰጥቶ አፎካከራቸው። መርከብ ዛሬም የሚያልፍባቸውን የፔድሮ ሚጌልንና የሚራፍሎሬስን ገንዳዎች የሠሩት ሲቪሎች ናቸው!

ስለ «ዲሲፕሊኑ» ከተነሳ ደግሞ ሒሳቡ በሙሉ ይቅረብ። በአሜሪካኖቹ የግንባታ ዘመን 5,609 ሰው በበሽታና በአደጋ ሞቷል። ከእነዚህ 4,500 ያህሉ ከባርቤዶስና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጥቁሮች ናቸው። ነጩ አሜሪካዊ በወርቅ መዝገብ፣ ጥቁሩ በብር መዝገብ ይከፈለው ነበር፤ ሱቁና የፖስታ ቤቱ መስኮት ሳይቀር ለየብቻ ነበር። መዝገቡን የጀመረው ጎታልስ አይደለም። ነገር ግን ከ1908 ጀምሮ ተጠሪነቱ ለጦር ሚኒስትሩና ለፕሬዚዳንቱ ብቻ ሆኖ ቦታውን እንዳሻው ሲያስተዳድር፣ ይህን አላፈረሰም። እሁድ እሁድ አቤቱታ የሚሰማውና ሥርዓቱን የሚያስጠብቀው አንድ ሰው ከሆነ፣ ባለ ብሩ ይግባኙን ወዴት ይውሰድ?

ጄኔራል ሆኖ በ1916 ጡረታ ወጣ። በማግስቱ ዓመት የጦርነት መርከብ ግንባታ ተሰጠው። ያው ሰው፣ ያው ልምድ። ዋሽንግተን ግን ፓናማ አልነበረችም፤ እዚያ የሚከራከር ሰው አለ። የመርከብ ቦርዱ ሊቀ መንበር ዊልያም ደንማን የእንጨት መርከብ በገፍ ይሠራ ሲል ጎታልስ በብረት ጸና። በነገሩ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ግን አላዳነውም። በሐምሌ 1917 ሁለቱም ከቦታቸው ለቀቁ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የተዘበራረቀውን የጦሩን አቅርቦት እንዲያስተካክል ከጡረታ ተጠራ። «ለወታደር ስጡት» ባዮች ይህቺን ቢያነቡ ጥሩ ነው፦ ጄኔራሉ ቢሮውን በመኮንን አልሞላም። ረዳት አድርጎ ያመጣው ሮበርት ቶርንን ነው፤ ሞንትጎመሪ ዋርድ ከሚባለው፣ ዕቃ በፖስታ ከሚሸጥ ኩባንያ።