“ከላይ ነው” የሚባሉት ኃላፊ ማን ናቸው?
ለኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽነር ጄኔራል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኮሚሽነር ጄኔራል፣

ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል አስገብቼ ቁጥር መቀበል እችል ነበር። በአደባባይ መጻፍ የመረጥኩት ጉዳዩ የእኔና የእርስዎ ብቻ ስላልሆነ ነው። መታወቂያውን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሁሉ ባለጉዳይ ነው፤ መልስዎንም እኩል ይጠብቃል።

ተቋምዎ ባለፉት ዓመታት ብዙ ነገር መገንባቱን አልክድም። ሕንፃው ታድሷል፣ ካሜራው ተተክሏል፣ ዜጋ በስልኩ ጥቆማ የሚሰጥበት መተግበሪያ ተሠርቷል። ሰንዳፋ ያለው ማሠልጠኛ ከኮሌጅነት ተነስቶ ዛሬ የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። የኢትዮጵያ ፖሊስ ዶክትሪን ተዘጋጅቷል። በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ አምስት የፖሊስ ተቋማት ተርታ የመሰለፍ ራዕይ እንዳላችሁም ደጋግማችሁ ነግራችሁናል። በእነዚህ የግጭት ዓመታት በግዳጅ ላይ እያሉ የወደቁ አባላት መኖራቸውንም አንረሳም፤ ቤተሰቦቻቸው ከእኛ ጋር በአንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። ይህን ሁሉ ለወጉ ያህል አላነሳሁትም። ጥያቄዬ የሚነሳው ከዚሁ ነው። ጣቢያው እንዲህ ሲገነባ፣ ጣቢያውን የሚመራው ሰው በምን ተገነባ?

በአንድ ጉዳይ ላስረዳ። የጎረቤቴ ልጅ ታስሮ በነበረበት ሰሞን ከእናቱ ጋር ምሳ እናደርስ ነበር። የጣቢያውን ስም አልጠቅስም፤ ብጠቅሰው አንድ ተረኛ ይቀጣና ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። በር ላይ ያለው ጥበቃ እናቲቱን ካመጣችው ምግብ እንድትቀምስ ያዛታል፤ ትቀምሳለች። ሽሮው በማንኪያ ይማሰላል፣ እንጀራው ይገለባበጣል፣ ስማችን ይመዘገባል። እስከዚህ ድረስ ሥርዓት ነው፤ ቅር አላለንም። ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቅዶለት፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ የመፍቻ ትዕዛዙን ይዘን ስንመጣ ግን ያ ሁሉ ሥርዓት ጠፋ። ተረኛው ወረቀቱን አነበበ፣ ማኅተሙን አየ፤ ሐሰተኛ ነው አላለም። ወደ ውስጥ ገብቶ ስልክ ደወለና ተመልሶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እማማ፣ ከላይ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?” አላት። መርማሪው አዛዡን ጠይቁ አለን። አዛዡ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፤ በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ልጁ ከቀናት በኋላ ተፈታ። ለምን እንደቆየ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ይህ የአንድ ጣቢያ ገጠመኝ ቢሆን ኖሮ ክቡርነትዎን አላስቸግርም ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ፍርድ ቤት በዋስ እንዲለቀቁ ያዘዘላቸው ሰዎች ሳይለቀቁ ስለሚቆዩበት አሠራር፣ ከአንዱ ፖሊስ ወደ ሌላው እየተላለፉ እንደገና ስለሚታሰሩ ሰዎችም በተለያዩ ጊዜያት መግለጫ አውጥቷል። ስለዚህ በአክብሮት እጠይቃለሁ። “ከላይ” የሚባሉት ኃላፊ ማን ናቸው? ስምና ማዕረግ አላቸው? ትዕዛዛቸው በጽሑፍ ይመጣል ወይስ በስልክ ብቻ? በጣቢያው የዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይስ ይሰፍራል? አንድ ኢንስፔክተር በአንድ እጁ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ በሌላው እጁ የአለቃው ስልክ ሲይዝ የትኛውን እንዲያስቀድም ነው ያሠለጠናችሁት?

ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ በዋስ የመፈታት መብትንም ያረጋግጣል፤ ዋስትና የሚከለከልበትን ሁኔታ የመወሰን ሥልጣን የተሰጠው ለፍርድ ቤት እንጂ ለጣቢያ አዛዥ አይደለም። አንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ ሰው ይዞ ማቆየትን በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ያደርገዋል። በአንቀጽ 424 ደግሞ ተጠርጣሪን ማሰቃየት በኃላፊ ትዕዛዝ የተፈጸመ እንደሆነ ያዘዘው ኃላፊ የሚጠብቀው ቅጣት ይከብዳል። ሕግ አውጪው ዱላ ከያዘው ይልቅ ያዘዘውን አስቀድሞ አይቷል ማለት ነው። እኛ የምናየው ግን ተገላቢጦሹ ነው። ነገር ሲበላሽ ኮንስታብሉ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቆማል፤ አዛዡ ወደ ሌላ ጣቢያ ይዛወራል፤ አንዳንዴም በዕድገት።

በእኔ እምነት የፖሊስ አመራር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ስለ አመራር ልማት በየመድረኩ የሚሰጠውን ሥልጠና አልንቅም፤ አዳራሽ ተይዞ ስላይድ ይታያል፣ የቡድን ውይይት ይደረጋል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ነገር ግን አንድ መኮንን ምን ዓይነት አለቃ እንደሚሆን የሚማረው በዋናነት ከአለቃው ነው። ጠዋት በሰልፍ ላይ በባልደረቦቹ ፊት የሚሰደብ ኮንስታብል ከሰዓት በኋላ አቤቱታ ይዞ የመጣውን ሽማግሌ ቢያመናጭቅ ለምን እንገረማለን? የዕረፍት ቀኑ ያለምክንያት የሚሰረዝበት፣ የቤት ኪራዩን መክፈል አቅቶት የሚጨነቅ፣ ቅሬታ ቢያቀርብ ጠረፍ እወረወራለሁ ብሎ የሚፈራ አባል የሰውን መብት እንዲያከብር ከማን ይማር? የእሱን መብት ያከበረለት አለቃ አለ?

ደግ አዛዥ አላየንም ብዬ አልዋሽም። በሰፈራችን የነበሩ አንድ ኢንስፔክተር ጠዋት ቢሮአቸውን ሳይከፍቱ ማረፊያ ቤቱን ይጎበኙ ነበር። መዝገቡን አስከፍተው እያንዳንዱ ሰው መቼ እንደገባ፣ ማን እንዳስገባው፣ ለምን ፍርድ ቤት እንዳልቀረበ መርማሪውን እዚያው ተጠርጣሪው ፊት ይጠይቁታል። በእሳቸው ጊዜ ዓርብ ከሰዓት ሰው ይዞ እስከ ሰኞ ማቆየት የሚባለው ልማድ ከዚያ ጣቢያ ጠፍቶ ነበር። ወንጀል አልበዛም፤ እንዲያውም ሰው ጥቆማ ይዞ ወደ እሳቸው ይሄድ ነበር፤ ሰው የሚያምነውን አይሸሽምና። እኒህ ሰው ለማዕረግ ሲወዳደሩ ይህ ሥራቸው በምዘና ቅጹ ላይ ነጥብ ነበረው? በቁጥጥር ሥር የዋለ ሰው ብዛት እንደ ውጤት የሚቆጠር ከሆነ፣ ያለ በቂ ምክንያት አላስርም ያለ አዛዥ ሰነፍ ተብሎ አልተመዘገበም?

ያ ጣቢያ በእኔ ዕዝ ሥር አይደለም ይሉኝ ይሆናል። ክልሎች የራሳቸው ፖሊስ እንዳላቸው፣ አዲስ አበባም የራሷ ኮሚሽን እንዳላት አውቃለሁ። ዶክትሪኑ ግን የኢትዮጵያ ፖሊስ ተብሎ ነው የተሰየመው። ሰንዳፋ ከሚማሩት መኮንኖች መካከልም ከየክልሉ የተላኩ አሉ። የምስጋናው ሪፖርት ሲቀርብ አንድ ፖሊስ፣ አቤቱታ ሲመጣ ብዙ ፖሊስ መሆን አይቻልም።

ክቡር ኮሚሽነር ጄኔራል፣ መንግሥት የገባውን ቃልም ላስታውስዎ። በ2010 ዓ.ም. ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራና የእስር ቤት ሲዘጋ እንደገና የተወለድን ያህል ተደስተናል። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው በእስረኞች ላይ ሲፈጸም የነበረው ስቃይ ሕገ መንግሥቱ የማይፈቅደው፣ መንግሥት ራሱ የፈጸመው የሽብር ድርጊት እንደነበር አምነዋል። ከእንግዲህ ሳይጣራ ሰው እንደማይታሰርም ከከፍተኛ ባለሥልጣናት አንደበት ሰምተናል። ዛሬ ሰንዳፋ የሚገባ ዕጩ መኮንን ስለ ማዕከላዊ ምን ይማራል? በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ተራ መርማሪ እንዴት ገራፊ እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ማን አይቶ ዝም እንዳለ፣ እምቢ ያለ ሰው ካለም ምን እንደደረሰበት የሚያጠና ኮርስ አለ? ከሌለ፣ ተመራቂው ያንን ታሪክ እንዳይደግመው የሚያደርገው ምንድን ነው? ሳይጣራ አይታሰርም የተባለው ቃልስ፣ መርማሪው 14 ቀን፣ ቀጥሎም ሌላ 14 ቀን የጊዜ ቀጠሮ እየጠየቀ ማስረጃ ገና እየሰበሰብኩ ነው በሚልበት ችሎት ውስጥ የት ገባ?

ከቀዳሚዎቹ አምስት ተርታ መሰለፍ የምትሹ ከሆነ ጎረቤትም እንይ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችውን ሕገ መንግሥት ተከትላ በ2011 የፖሊስን ሥራ የሚቆጣጠር፣ ከፖሊስ ውጭ የሆነ ነፃ ባለሥልጣን በሕግ አቋቁማለች። በ2013 መጨረሻ የመኮንኖቿን ብቃትና ሀብት ማጣራት ስትጀምርም ከከፍተኛ አዛዦቹ ነበር የጀመረችው፤ አዛዦቹ ስለ ባንክ ሒሳባቸው በይፋ ተጠይቀዋል። ደቡብ አፍሪካም ፖሊስን የሚመረምር ነፃ ዳይሬክቶሬት አላት። የኬንያ ፖሊስ ጻድቅ ሆነ ማለቴ አይደለም፤ ወጣቶቿ በፖሊስ ጥይት የወደቁበትን የተቃውሞ ሰሞን ሁላችን አይተናል። ሆኖም አንዲት ኬንያዊት እናት ፖሊስን በሌላ ፖሊስ ፊት ሳይሆን በሌላ ተቋም ፊት መክሰስ ትችላለች። የእኛዋ እናት ግን ቅሬታዋን ይዛ የምትሄደው ልጇን ወደያዘው ተቋም ቅሬታ ሰሚ ነው። እንዲህ ያለ ነፃ ተቋም በአገራችን እንዲቋቋም ክቡርነትዎ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ? በአንድ ቃል መመለስ የሚቻል ጥያቄ ነው።

ይህን ሁሉ ጠይቄ ስለ በጀት የሚነገረኝን መልስ አስቀድሜ አልቀበልም። የመፍቻ ትዕዛዝ በደረሰበት ሰዓት መዝግቦ በዕለቱ መፈጸም ተጨማሪ ተሽከርካሪ አይጠይቅም። “ከላይ” የሚመጣ ትዕዛዝ ሁሉ የሰጪው ስምና ማዕረግ በዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር፣ ስም የሌለው ትዕዛዝም እንዳይፈጸም ለማድረግ የአንድ ገጽ ሰርኩላርና የእርስዎ ፊርማ ይበቃል። ያንን ሰርኩላር አክብሮ ለአለቃው ስልክ እምቢ ያለውን ኢንስፔክተር ግን ከኋላው ቆመው ሊጠብቁት ይገባል፤ ያለዚያ ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። በመጪው የማዕረግ አሰጣጥ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ኮከቡን ትከሻው ላይ ከማድረግዎ በፊት፣ እያንዳንዱን ተሿሚ በሚመራው ጣቢያ ስንት የመፍቻ ትዕዛዝ ደርሶት ስንቱን በዕለቱ እንደፈጸመ፣ ስንት ሰው ከ48 ሰዓት በላይ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ እንዳቆየ ይጠይቁልን። መልሱንም ለእኛ፣ ለሕዝቡ፣ በየጣቢያው ስም ይፋ ያድርጉልን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ