ሦስት ሰርች ኢንጅን፣ አንድ ወሬ

«ጎግልን ካላመንክ በቢንግ፣ ካልሆነም በዳክዳክጎ አመሳክር» ይሉናል። ዳክዳክጎ እኮ አብዛኛውን ውጤቱን የሚያመጣው ከራሱ ከቢንግ ነው!

መሞከሩ አይከፋም። «ፍኖተ ሰላም»ን በ«ሠ»ም ጻፉት፣ ገጥማችሁም ጻፉት። ቡሬ ስትሉ ጎጃምን ጨምሩ፤ አለዚያ የኢሉባቦሩ ቡሬ ይመጣባችኋል።

ግን ነሐሴ 7 ቀን 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ ደረሰ የተባለውን የአየር ጥቃት ፈልጉ እስቲ። ገጹ መዓት ነው። ሮይተርስ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የዘገበው አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ጠቅሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ብዙው ቅብብል ነው። አሥር ገጽ ማለት አሥር ምስክር አይደለም።

ለምን? ያኔ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበራ! ያየው አልጻፈም፤ ከጻፈው አብዛኛው አላየም። ያልተጻፈን የትኛው ሰርች ኢንጅን ያገኘዋል?

ምክሩንስ ኢንተርኔቱን ለዘጋው ባለሥልጣን ብትሰጡት?