ደንገጎ ሲጠቁር

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር ልናወጋችሁ የፈለግነው ጎርፍ ከቤት አላስወጣ ብሎን ስላመሸንበት አንድ ቀንና ስላገኘንበት ትምህርት ነው።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሁሉ ደቻቱን ያውቃል። ከዚራን ከመጋላ የሚለየው ይህ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የለውም፤ አሸዋ ብቻ ነው። ሰው ይሻገርበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጎርፉ የሚወርደው በደንገጎ በኩል ካለው የሐረርጌ ደጋ ስለሆነ፣ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት ሰው በተኛበት ደርሶ ከ250 በላይ ነፍስ ያጠፋው ይኸው ደቻቱ ነው።

እኛ በክረምት ከዐስር ሰላት በኋላ ሕፃናትን ቁርኣን እናስተምራለን። ከወንዙ ማዶ የሚመጣ አንድ ተማሪያችን ሁለት ቀን ቀረ። ስንጠይቀው «እማዬ ደንገጎ ጠቁሯል ብላ ከለከለችኝ» አለን። እኛም በጓደኞቹ ፊት «ጠብ ላላለ ዝናብ ትምህርት ይቀራል እንዴ? ሰበብ አታብዛ!» ብለን ገሠጽነው።

በሳምንቱ፣ ሰማዩ በላያችን ጠራ ብሎ ሳለ፣ ለመውጣት ጫማችንን ስናጠልቅ የጎርፉ ድምፅ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ድፍርስ ውኃ መንደራችንን ሞላው። ምንጣፉን ጠቅልለን፣ ኪታቦቹን ከቁምሳጥን በላይ፣ ልጆቹን አልጋ ላይ አወጣን። በሩን በአሸዋ ጆንያ ደፈንን። ከዚያ ወዲያ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ በቀር የሚሠራ ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ ያስጨነቀን ንብረታችን ሳይሆን ያ ልጅ ነበር። ወደ መድረሳ የሚነሳው በዚህች ሰዓት ነው። የሚያቋርጠውም አሸዋውን ነው። ቁጣችንን ፈርቶ ወጥቶ ቢሆንስ?

ስልክ ብንደውል አልሠራም። መግሪብን ከቤተሰባችን ጋር እቤት ሰገድን። በሱጁዳችን የለመንነው ስለዚያ ልጅ ብቻ ነበር። ከዒሻ በኋላ መስመሩ ሲገኝ ያነሱት እናቱ ናቸው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ «ኡስታዝ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ዛሬም አስቀርቼዋለሁ። ኡስታዝ ይቆጣኛል ብሎ ቢያለቅስም ከደጃፍ መለስኩት» አሉን። በ1998ቱ ጎርፍ እህታቸውን እንዳጡም የነገሩን ያን ዕለት ነው። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብን እኛ ሆነን ሳለ እርሳቸው ጠየቁን!

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በዝናባማና በብርዳማ ሌሊት ሙአዚኑ ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ ይጣራ እንደነበር ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ ነግረናል! ለሰላት ጀማዓ እንኳ የተሰጠውን ሩኽሳ እኛ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ነፈግን። ትምህርቱን እናውቀው ነበር፤ በልጁ ላይ ግን አልሠራንበትም።

መድረሳው ሲከፈት፣ በጓደኞቹ ፊት የገሠጽነውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው።

ውድ ወላጆች፣ ደጋው ሲጠቁር ከተማው ፀሐይ ቢሆንም ልጆቻችሁን በአሸዋው አታሻግሩ። ማንም ኡስታዝ ቢቆጣ ይቆጣ! እኛ መምህራንም የቀረ ልጅ ምክንያቱን ሲነግረን እናዳምጥ። ሰበብ የመሰለን የእናት ፍርሃት እኛ የሌለን ዕውቀት ሊሆን ይችላልና። አላህ ሁላችንንም ይጠብቀን፤ ዝናቡንም የራሕመት ዝናብ ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።