ለስትሮክ ሕመምተኛ ውሃ ከመስጠታችን በፊት

የዛሬው ጽሑፌ ከራሴ ጥፋት ይጀምራል።

የነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት ዳባት ገብቼ ነበር። አንድ ማለዳ አያቴ ቡና እየቆላች ሳለ ወደቀች። ቀኝ እጇ አልታዘዝ አለ፤ አፏ ተጣመመ፤ ቃል ማውጣት አቃታት። መኪና እስኪገኝ «ጉሮሮዋን አርጥቡላት» ተባለ። እኔም በጀርባዋ እንደተንጋለለች በጣሳ ውሃ ሰጠኋት። ትን አላት። በሦስተኛው ቀን የሳንባ ምች ያዛት። ምክንያቱ ያ ውሃ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ሳሏ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሷ ተረፈች። የቀራት ቃል ግን አንድ ብቻ ነው፦ «እሺ»። አመመሽ? እሺ። አላመመሽም? እሺ። ጎረቤት «አእምሮዋ ሄዷል» አለ። ነገር ግን ላሟ ልትሸጥ ነው ስላት እጄን መታችኝ! ሁሉን ትሰማለች፣ መልሱ ነው የጠፋት። ይህ አፌዥያ ይባላል። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ለሕክምና «እሺ» ብትል ፈቃድ ሰጠች እንላለን?

የመዋጥ ችግሩም ብርቅ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው፣ ከስትሮክ በኋላ በቀላል ማጣሪያ ከ37 እስከ 45 በመቶ፣ በመሣሪያ ሲታይ ደግሞ ከ64 እስከ 78 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይገኛል።

«የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ባለሙያ በሌለበት ምን እናድርግ?» የሚል አይጠፋም። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ19 የስትሮክ ክፍሎች የተደረገውንና በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመውን ጥናት እንመልከት። ነርሶች ትኩሳትን፣ የደም ስኳርንና መዋጥን እንዲከታተሉ ሠለጠኑ። ከ90 ቀን በኋላ የሞቱት ወይም የሰው እጅ ጠባቂ የሆኑት በሠለጠኑት ዘንድ 42 በመቶ፣ በሌሎቹ 58 በመቶ ነበሩ። ሥራው የእኛው የነርሶች ነው ማለት ነው። ሕመምተኛው ነቅቶ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ውሃ በማንኪያ ይቅመስ፤ ካሳለ ወይም ድምፁ ከረጠበ ውሃም፣ አጥሚትም፣ ክኒንም በአፉ አይግባ፤ ሐኪም ይጠራ።

ንግግሩን በተመለከተ ግን የባዕድ መለኪያ ብቻውን አይበቃንም። የታወቀው የቦስተን የሥዕል መጠሪያ ፈተና ከበረዶ የተሠራ ጎጆ ያሳያል። የዳባት ገበሬ ይህን ስም አላወቀም ተብሎ አፌዥያ አለበት ይባላል እንዴ? ሞሰብ፣ ሙቀጫ፣ ሞፈር ይቅረብለት እንጂ! ደግሞም እንግሊዝኛ ተናጋሪው የግሱን ቅጥያ ጥሎ ባዶውን ሊናገር ይችላል። በአማርኛ «ስ-ብ-ር» ያለ አናባቢ አይነገርም፤ ሰበረ፣ ሰበረች፣ ይሰብራል መባል አለበት። ስለዚህ የእኛ ሕመምተኛ ስሕተት ሌላ መልክ ይኖረዋል። ይህን ከእኛ በቀር ማን ያጠናልናል?

ዩኒቨርሲቲያችን ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳባት ላይ የነዋሪውን ጤና የሚከታተል የጥናት ማዕከል አለው። በእኔ እምነት የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስንመርጥ «ስንት ሰው ሞተ» ብቻ ሳይሆን «ከተረፉት ስንቱ መዋጥና መናገር አቃተው» ብለን ቤት ለቤት እንጠይቅ። እኔ የራሴን ርዕስ መርጫለሁ፤ አብሮኝ የሚሠራ ካለ ደስ ይለኛል።