ምስክርን በመቀስ ስለሚቈርጡ ሰዎች

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን ውርስ ሁሉ የሚጸናው ወራሹ ልብ ያለው እንደ ሆነ ብቻ ነው። ወራሹ ሰነፍ የሆነ እንደ ሆነ በጽሑፍ ያለውን በመቀስ ቈርጦ ያጠፋዋል፤ ወራሹ ቀጣፊ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ያልተጻፈበትን እንደ ተጻፈበት አድርጎ ይሸጠዋል።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ዛሬ ልከራከር የተነሣሁት በነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። አንደኛው ከአያቱ ሣጥን ውስጥ የጦርነት ዘመን ደብዳቤ ሲያገኝ ቴምብሩን ብቻ ቈርጦ ያስቀርና የቀረውን ፖስታ ከነማኅተሙ ወደ እሳት የሚጥለው ነው። ሁለተኛው ማኅተሙን ሳይመረምር «ይህ ከእገሌ ጦርነት የተላከ ነው» እያለ ተረት ጨምሮ የሚያወራውና የሚሸጠው ነው። ፊተኛው የምስክሩን ምላስ ይቈርጣል፤ ኋለኛው ምስክሩን በሐሰት ያስምለዋል። ሁለቱም እውነትን የበደሉ ናቸው።

ነገሩ እንዲገባህ የጦር ሜዳ ፖስታ ከምን እንደ ተነሣ አስቀድሜ ልንገርህ። በሰላም ጊዜ ደብዳቤ አገርንና ቤትን ፈልጎ ይሄዳል። ወታደር ግን ዛሬ ከሰፈረበት ነገ ስለማያድር፥ ደብዳቤው ቦታውን ሳይሆን ጦሩን መከተል አለበት። ስለዚህ መንግሥታት ከጦራቸው ጋራ የሚጓዝ ፖስታ ቤት አቋቋሙ። እንግሊዞች በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1854 በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ የጦሩን ደብዳቤ የሚያስተናግዱ የፖስታ ሠራተኞች ላኩ፤ በ1882 ወደ ግብፅ ሲዘምቱ ደግሞ ራሱን የቻለ የጦር ፖስታ ክፍል አቋቋሙ። ኋላም ደብዳቤው በጠላት እጅ ቢወድቅ ጦሩ የሰፈረበት ቦታ እንዳይታወቅ በአገር ስም ፈንታ ቁጥር መጻፍ ተለመደ። ጀርመኖች በ1939 ለየጦር ክፍሉ ባለ አምስት አኀዝ ቁጥር ሰጡ። በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው የኢጣልያ ጦርም «ፖስታ ሚሊታሬ» የሚል ቃልና ቁጥር ያለባቸውን ማኅተሞች ይዞ ነበር የመጣው።

እንግዲህ አንድ የጦር ሜዳ ፖስታ አራት ነገር ይመሰክራል። የትኛው ፖስታ ቤት እንደ ተቀበለው በቁጥሩ፥ መቼ እንደ ተቀበለው በቀኑ፥ በመንገድ ላይ መመርመሩን በሳንሱሩ ማኅተም፥ ከማን ወደ ማን እንደ ሄደ በአድራሻው ይናገራል። ቴምብሩ ብቻውን ሲቀር ግን ይህን ሁሉ ሊነግርህ አይችልም።

ቴምብር ቈራጩ «እኔ የምሰበስበው ውብ የሆነውን ነው» ሲል ይመልስልኛል። ውበት መውደዱን አልነቅፍበትም። ነገር ግን በብዙ ጦርነት ወታደር ደብዳቤውን የሚልከው ያለ ክፍያ መሆኑን አላወቀም። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1914 በተጀመረው የዓለም ጦርነት እንግሊዛዊውም ጀርመናዊውም ወታደር ከጦር ሜዳ ለቤተ ሰቡ ሲጽፍ ቴምብር መለጠፍ አያስፈልገውም ነበር። እንዲህም ስለ ሆነ ቴምብር ፈላጊው ከሁሉ አስቀድሞ ወደ እሳት የሚጥለው ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረውን ነው።

በዚያው ጦርነት ለእንግሊዝ ወታደሮች አንድ የታተመ ካርድ ይሰጣቸው ነበር። በካርዱ ላይ ደኅና መሆንን፥ መቍሰልን፥ ሆስፒታል መግባትን የሚገልጹ ዓረፍተ ነገሮች ታትመውበታል፤ ወታደሩ የማይስማማውን እየሰረዘ፥ ቀኑንና ስሙን ብቻ ይጽፍበታል። ሌላ ቃል ቢጨምርበት ግን ካርዱ እንዲጠፋ ታዝዞ ነበር። ይህን ካርድ ያየ ሰነፍ «ምንም አልተጻፈበትም» ብሎ ይጥለዋል። እናቲቱ ግን በዚያ ቀን ልጇ በሕይወት እንደ ነበረ አንብባበታለች። ታዲያ ቀኑ የተቈረጠ እንደ ሆነ ከዚህ ካርድ ምን ይቀራል?

ወደ ሁለተኛው ሰው ልለፍ። አንድ ነጋዴ «ከማይጨው ጦርነት የተላከ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ፖስታ አሳይቶኝ ነበር። የማይጨው ጦርነት የተደረገው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ ማለት በኤውሮጳ አቈጣጠር ማርች 31 ቀን 1936 ነው። ኢጣልያኖች በዚያ ዘመን ከኤውሮጳው ዓመት ጋራ «የፋሽስት ዘመን» የሚሉትን በሮማውያን አኀዝ ይጽፉ ነበር፤ ዓመቱም የሚለወጠው በኦክቶበር 29 ነው። የማይጨው ጦርነት የዋለው በ14ኛው ዓመት ሲሆን፥ በነጋዴው ፖስታ ላይ ያለው ግን 15 ነበር። ስለዚህ ማኅተሙ የተመታው ጦርነቱ ካለፈ ከሰባት ወር ያህል ወዲህ ነው። ይህን ብነግረው «ጌታዬ፥ ገዢው የሚወደው ታሪኩን ነው» አለኝ። እነሆ፥ በሐሰት ምስክር የሚነገድበት ገበያ ይህ ነው።

ቁጥሩም ያልመረመረውን ሰው ያታልላል፤ ቁጥሩ የፖስታ ቤቱ እንጂ የቦታው አይደለምና። ጦሩ ሲጓዝ ፖስታ ቤቱ ማኅተሙን ይዞ አብሮ ይጓዛል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ይህ ከእገሌ ከተማ ነው» ማለት በቅሎን አይቶ ሁልጊዜ በአንድ በረት ታድራለች እንደ ማለት ነው። እውነተኛ መርማሪ ቁጥሩንና ቀኑን አንድ ላይ ይዞ፥ ጦሩ በዚያ ቀን የት እንደ ነበረ ከጦሩ መዝገብ ጋራ ያስተያያል። የእኛንም 1928 ከኤውሮጳው 1928 የሚያምታታ ሰው፥ ጠላት ከመግባቱ ከሰባት ዓመት በፊት የጠላትን ፖስታ አገኘሁ ብሎ መሳቂያ ይሆናል።

«የጠላት ወታደር ያረጀ ወረቀት እኛን ምን ያገባናል?» የሚሉኝ አሉ። እንዲህ ስል እመልሳለሁ። ፋሽስቶች በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ ማዝነባቸውን በኢጣልያ ብዙዎች ለረጅም ዘመን ሲክዱ ኖረዋል። ከካጆቹም አንዱ በዚያ ጦርነት መኰንን ሆኖ የዘመተው ስመ ጥሩው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ነበር። «በስፍራው ነበርሁ፥ አላየሁም» ማለቱ ለብዙ ሰው በቂ ምስክር መስሎ ታየ። የታሪክ ጸሐፊው አንጀሎ ዴል ቦካ ግን ወረቀቱን አልለቀቀም። ሙሶሊኒ ታኅሣሥ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ለባዶሊዮ ጋዝ የፈቀደበት ቴሌግራም ከነቀኑ፥ ከነላኪውና ከነተቀባዩ ነበረ። በመጨረሻም በ1988 ዓ.ም. የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ነገሩን አመነ፤ ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተናገረ። «እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል» የሚባለው ደርሶ ታየ። ነገር ግን ልብ በል! እውነቱ የጠራው ስላደረ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ ሳይቈረጥ ስላደረ ነው።

ሌላው ደግሞ «አገሩን የሚወድ ሰው የአገሩን ታሪክ ቢያገዝፍ ምን ጥፋት አለው?» ይላል። ጥፋቱ ይህ ነው፤ በአንድ ነገር የዋሸ ምስክር በዘጠኙ እውነት ቢናገርም ዳኛ አያምነውም። አርበኞቻችን ደማቸውን ያፈሰሱት በእውነት ስለ ሆነ የእኛ ቅጥፈት አያስፈልጋቸውም። ሐሰተኛ ፖስታ በስማቸው የሚሸጥ ሰው ለካጆቻቸው መሣሪያ ያቀብላል።

ስለዚህ፥ ወጣት ሆይ፥ ከሣጥን ውስጥ የጦርነት ዘመን ደብዳቤ ብታገኝ መቀስህን አስቀምጥ። ደብዳቤውን ከፖስታው አትለይ፤ በላዩም አትጻፍበት። ከማን እጅ፥ መቼና የት እንደ ተቀበልኸው በሌላ ወረቀት ጽፈህ አብረህ አኑር። ቁጥሩንና ቀኑን መርምር፤ ያረጋገጥኸውን «አውቃለሁ»፥ ያላረጋገጥኸውን «ይመስለኛል» በል። በውስጡ የጠላት ወታደር ለእናቱ የጻፈውን ብታነብ እንኳ አትሳለቅበት፤ እናት የሁሉም ናትና። ልትጠብቀው ካልቻልህ ለቤተ መዛግብት ስጠው። ይህንንም ለማድረግ የምትሰንፍ ከሆነ እንዳገኘኸው ወደ ሣጥኑ መልሰህ ዝጋበት፤ ከአንተ የተሻለ ወራሽ ይመጣ ይሆናልና።